የሽታይነር ወረቀት የተለጠፈበት የሚተንቫልድ ቫዮሊን፦ የጥገና ሂደት ማስታወሻ

ሲገባ የነበረበት ሁኔታ

የጀርባው ርዝመት 353 ሚሊ ሜትር ነው። ስፋቱ ከላይ 166፣ ወገቡ ላይ 109፣ ከታች 204። የጎኑ ከፍታ አንገቱ ሥር 29፣ ግርጌው ላይ 30 ሚሊ ሜትር። ጀርባው ከአንድ ሳንቃ የወጣ ሜፕል ሲሆን ማዕበሉ ጠባብና ደብዘዝ ያለ ነው። ፊቱ ከሁለት ቁራጭ የተጋጠመ ስፕሩስ ነው፤ የዕድገት ቀለበቶቹ መጋጠሚያው አጠገብ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፣ ወደ ጠርዙ ሲጠጉ ሰፋ ይላሉ። የፊቱ ጉብታ 18 ሚሊ ሜትር፣ የጀርባው 16። ፊቱ ከጀርባው ይልቅ መጉበጡና ከጠርዙ ገባ ብሎ ዙሪያውን እንደ ቦይ መጎድጎዱ የቲሮልና የደቡብ ባቫሪያ እጅ ነው፤ ሣጥኑ እንደተከፈተ በዓይን ይታወቃል።

ጉዳቱ፣ ከከባዱ ሲጀመር፦ በፊቱ ላይ፣ የድምፅ ምሰሶው (ከፊቱ እስከ ጀርባው በውስጥ የሚቆመው ትንሽ እንጨት) ቆሞበት በነበረው መስመር፣ ከታችኛው ጠርዝ ተነሥቶ እስከ ኤፍ ቀዳዳው (በኤፍ ፊደል ቅርጽ የተቆረጠው የድምፅ ቀዳዳ) ላይኛ ዓይን የሚደርስ ስንጥቅ አለ። በባሱ (በወፍራሞቹ ክሮች) በኩል ባለው ኤፍ ቀዳዳ ክንፍ ላይ አንድ አሮጌ ስንጥቅ ተጠግኖ፣ ጥገናው ደረጃ ሠርቶ ቀርቷል። አንገቱ ወደ ፊት ወድቋል፤ የጣት ሰሌዳውን መስመር እስከ ብርኩማው (ክሮቹን ተሸክሞ ፊቱ ላይ የሚቆመው እንጨት) ቦታ ብናስረዝመው ከፊቱ በላይ 22 ሚሊ ሜትር ላይ ብቻ ያርፋል። የመቃኛ ሳጥኑ ግድግዳ በኤ ክር መቃኛ ቀዳዳ ላይ ተሰንጥቋል። የግርጌው መገጣጠሚያ በትሬብል (በቀጫጭኖቹ ክሮች) በኩል አራት ጣት ያህል ተላቅቋል። በዚህ ሁሉ ላይ የሚያብረቀርቅ፣ ከሠሪው በኋላ የመጣ የፖሊሽ ሽፋን ተደርቧል።

አንገት የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ እንጨቱ ስለጎበጠ አይደለም። አራቱ ክሮች በአንድነት ከ20 ኪሎ በላይ ይጎትታሉ፤ ያ ጉተታ የላይኛውን ጉማጅ (ከውስጥ ጎኖቹንና አንገቱን የሚይዘውን እንጨት) ዓመት ከዓመት ወደ ውስጥ ያዞረዋል። የጣት ሰሌዳው ዝቅ ሲል ክሮቹ ከሰሌዳው ይርቃሉ፣ ተጫዋቹ ብርኩማውን ያሳጥራል፣ ድምፁም ይታፈናል። አብሮት የመጣው ብርኩማ ቁመቱ 28 ሚሊ ሜትር መሆኑ ይህንኑ ታሪክ ይናገራል።

ወረቀቱ

በባሱ ኤፍ ቀዳዳ በኩል የሚታየው ወረቀት በላቲን «ያኮቡስ ሽታይነር፣ አብሳም» ይላል፣ ዓመቱ ከ1700 በኋላ ነው። ያኮብ ሽታይነር በኢንስብሩክ አቅራቢያ ባለችው አብሳም ሠርቶ በ1683 ሞቷል። ዓመቱ ብቻውን ጉዳዩን ይዘጋዋል። ሁለተኛም አለ፦ ይህ ወረቀት በማተሚያ የታተመ ነው፤ የሽታይነር እውነተኛ ወረቀቶች ደግሞ በእጅ የተጻፉ ናቸው።

ወረቀቱ ሐሰት ነው ማለት ግን ቫዮሊኑ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሽታይነር ከስትራዲቫሪ በላይ ይፈለግ ስለነበር በጀርመን፣ በኦስትሪያም ሆነ በእንግሊዝ በርካታ ሠሪዎች አምሳያውን ተከትለው ሠርተዋል። ወረቀቱንም ብዙ ጊዜ የሚለጥፈው ሠሪው ሳይሆን ከእሱ የገዛው ነጋዴ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ለጊዜው ትተን እንጨቱን እንጠይቃለን።

በውጭ ከሚታዩት ምልክቶች የመጀመሪያው የታችኛው ጎን ነው። ዘመናዊ ቫዮሊን ግርጌው ላይ ሁለት የጎን ልባጦች (ስስ የጎን እንጨቶች) ይጋጠማሉ፤ የዚህ ግን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን አንድ ወጥ ልባጥ ነው። ሁለተኛው የራሱ ጥቅልል ነው። ከኋላው የሚወርደው ቦይ ሳይቋረጥ እስከ ጥቅልሉ ጉሮሮ ድረስ ገብቷል፤ በብዛት ለገበያ በተሠሩት የሳክሶኒ (የምሥራቅ ጀርመን ግዛት) ቫዮሊኖች ላይ ቦዩ ጥቅልሉ ሥር ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አያየውም በሚል። ሦስተኛ፣ በጥቅልሉ ጀርባ መሃል መስመር ላይ የኮምፓስ ጫፍ የወጋቸው ጥቃቅን ነጥቦች ተደርድረዋል። ሠሪው ስፋቱን በየደረጃው ለክቶ ምልክት ያደረገባቸው ናቸው፤ ሊያጠፋቸው አልተጨነቀም።

ሦስቱም ወደ አንድ ቦታ ይጠቁማሉ፦ ወደ ሚተንቫልድ። ይህች የባቫሪያ ተራራማ ከተማ ኦግስቡርግን ከቬኒስ በሚያገናኘው የንግድ መንገድ ላይ ስትሆን፣ ስፕሩሱና ሜፕሉ ከዙሪያዋ ጫካ ይገኝ ነበር። ሙያውን ያስጀመራት ማቲያስ ክሎትስ (1653–1743) ነው፤ በጣሊያን ፓዶቫ በአንድ ሉት (የቆየ ባለ ክር መሣሪያ) ሠሪ ወርክሾፕ ሠርቶ ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ፣ ልጆቹና የልጅ ልጆቹም ቀጠሉበት። ከልጆቹ ሴባስቲያን በእጅ ጥራቱ ይበልጥ ይጠቀሳል።

በጥቁር ብርሃን ሥር

ቫርኒሹ በአልትራቫዮሌት መብራት ጨለማ ክፍል ውስጥ ታየ። የሠሪው ቫርኒሽ ወጥ በሆነ ደብዛዛ ቢጫ ይበራል። የተደረበው ፖሊሽ ደማቅ ብርቱካናማ ነው፤ ሼላክ (ከነፍሳት የሚገኝ የማብረቂያ ሙጫ) እንዲህ ይበራል። ክንፉ ላይ ያለው አሮጌ ጥገና ምንም ሳይበራ ጥቁር ሆኖ ቀረ። የሠሪው ቫርኒሽ ከጠቅላላው ገጽ ግማሽ ያህሉን አሁንም ይሸፍናል፤ በጀርባው መሃልና በኤፍ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ከተጠበቀው በላይ ነው። ይህ ካርታ ሳይኖር ጽዳት መጀመር የሠሪውን ቫርኒሽ ከሼላኩ ጋር አብሮ መግፈፍ ነው። ሁለቱም በአልኮል ይለሰልሳሉና አልኮል ጽዳቱ ላይ አይገባም።

መክፈት

ክሮቹ፣ የክር ማሰሪያው፣ ምሰሶው ወጡ። ቢላው ቀጭን፣ ጫፉ ክብ፣ ስለቱ ደነዝ ነው። የተሳለ ቢላ እንጨት ይቆርጣል፤ የሚፈለገው ግን ሙጫውን መሰንጠቅ ብቻ ነው። አስቀድሞ በተላቀቀው የግርጌ መገጣጠሚያ ገብተን ወደ ትሬብል ወገብ ሄድን። ቢላው በሚገባ ጊዜ ሙጫ ሲሰነጠቅ ደረቅ፣ ተከታታይ ጠቅታ ይሰማል። ድምፁ ወደ ለስላሳ ስርሰራ ከተለወጠ ስፕሩሱ እየተቀደደ ነው፤ ወዲያው ቆሞ ከተቃራኒው አቅጣጫ መምጣት ግድ ነው።

ሁለት ቦታ አስቸግሯል። ማዕዘኖቹ ላይ ጉማጅ ስላለ የሙጫው ስፋት ይጨምራል፤ ላይኛው ጉማጅ ላይ ደግሞ በኋላ ዘመን የገባ ጠንካራ ሙጫ ነበር። እዚያ ቢላው ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ አልኮል አደረግን። አልኮል ከቆዳ ሙጫ ውስጥ ውኃውን ስቦ ስለሚያደርቀው ሙጫው ተሰባሪ ይሆናል። ጠብታው ጠርዙን አልፎ ቫርኒሹ ላይ ከወጣ ግን ነጭ እድፍ ይተዋል፤ ስለዚህ ጠብታው ከቢላው ላይ የሚፈስ መሆን የለበትም፣ ቢላውን የሚያረጥብ ብቻ።

ውስጡ

ከዚህ በላይ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ክፍል የለም። ማጽጃ ከመነካቱ በፊት ውስጡ በጎን በሚመጣ መብራት ፎቶ ተነሣ፤ ከፊት በሚመጣ መብራት የመሣሪያ አሻራ አይታይም።

ስድስቱም ጉማጆች አሉ፣ ሁሉም ስፕሩስ ናቸው። የማዕዘኖቹ ጉማጆች እውነተኛ ናቸው፤ በሳክሶኒ የንግድ ቫዮሊኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ ማዕዘኑ ባዶ ነው፣ ወይም ጉማጅ የሚመስል ስስ ቁራጭ ብቻ ተለጥፎበታል። ላይኛው ጉማጅ ላይ ሁለት የዛጉ ጉድጓዶች ይታያሉ፤ የተነቀሉ የምስማር ቦታዎች ናቸው። የመጀመሪያው አንገት በዚያ ዘመን ወግ ጎኑ ላይ በሙጫ ተደግፎ ከውስጥ በምስማር ተመትቶ ነበር ማለት ነው። የዛሬው አንገት በጉማጁ ውስጥ በተፈለፈለ ቦታ የገባ ስለሆነ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ለውጥ ነው። መቃኛ ሳጥኑና ጥቅልሉ ግን የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ አዲሱ አንገት ከሳጥኑ ግድግዳዎች ጋር የተሰፋበት (በሙጫ የተጋጠመበት) መስመር በግልጽ ይታያል።

የጀርባው ውስጠኛ ገጽ ላይ የጥርስ መላጊያ (ስለቱ ጥርስ ያለው መላጊያ) ትይዩ መስመሮች አሉ፣ በዚያ ላይ መፋቂያ በስሱ አልፏል። መሃል መስመሩ በሹል ነገር ተጭሯል። ከላይና ከታች፣ ጉማጆቹ የሚያርፉበት ድንበር በኮምፓስ ቅስት ተመልክቷል። ሠሪው ጭረቱን የሠራው ከመስፋቱ በፊት ነው፤ መስመሩ ከጉማጁ ሥር ገብቶ ይቀጥላልና። በእጅ የተቆረጡት ኤፍ ቀዳዳዎች እኩል አይደሉም፤ የባሱ ከትሬብሉ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። የቀዳዳው ግድግዳ ላይ ቢላው ከእንጨቱ ክር ጋር ተስማምቶ ሲወርድ ለስላሳ፣ ተቃርኖ ሲወጣ ሻካራ ጠባሳ ትቷል። በመጋዝ አልተቆረጠም።

የፊቱ ውስጠኛ ገጽ ሌላ ነገር ይናገራል። ጠርዙ አጠገብ የሠሪው የጥርስ መላጊያ መስመሮች አሉ፤ ወደ መሃል ሲገባ ግን ሰፋፊ፣ ጥልቅ የመፋቂያ ጎዳናዎች የሠሪውን መስመሮች አቋርጠዋቸዋል። የተቋረጠ መስመር ምንጊዜም ከሚያቋርጠው ይቀድማል። በማግኔት መለኪያ የተወሰደው ውፍረት አረጋገጠ፦ ጠርዙ አካባቢ 2.8–3.0፣ መሃሉ 2.6፣ በሁለቱም ኤፍ ቀዳዳዎች ውጭ ባለው የታችኛ ክንፍ 2.1 ሚሊ ሜትር። ጀርባው አልተነካም፤ መሃሉ 4.4፣ ክንፎቹ 2.5 ናቸው። አንድ ጠጋኝ «ድምፁ እንዲከፈት» በሚል ፊቱን አሳስቷል። ይህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተለመደ ነበር፤ ለጥቂት ዓመታት ድምፁ ይጎላል፣ ከዚያ ፊቱ ምሰሶው ላይ ይሰምጣል። ስንጥቁ የመጣውም ከዚሁ ነው፦ ስስ ፊት፣ ከሥሩ ምሰሶ፣ ከላዩ ክብደት።

የባስ ዘንጉ (ከፊቱ ሥር በርዝመቱ የተለጠፈው ደጋፊ እንጨት) ቀጭንና አጭር ነው፣ 4.5 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ መሃሉ ላይ 7 ከፍታ። ከመጀመሪያው ዘመን ሊሆን ይችላል ብለን መርምረነው ነበር፤ ነገር ግን ሥሩ ያለው ገጽ የተፋቀ ነው። ስለዚህ ከፋቂው በኋላ የገባ እንጂ የሠሪው አይደለም። ይህ ባይሆን ኖሮ መነሣቱን ደግመን እናስብ ነበር።

ስለ ሠሪው ማለት የሚቻለው እዚህ ላይ ያበቃል፦ ሚተንቫልድ፣ የክሎትስ ቤተሰብ አሠራር የተከተለ፣ 18ኛው ክፍለ ዘመን። ስም መስጠት ዋጋ ይጨምራል፣ እውነት ግን አይጨምርም። የፊቱ ቀለበቶች በከፍተኛ ጥራት ተቀርጸዋል፤ በዛፍ ቀለበት ዘመን የሚለካ ባለሙያ የመጨረሻውን ቀለበት ዓመት ካገኘ፣ ቫዮሊኑ ከዚያ ዓመት በፊት ሊሠራ እንደማይችል ይታወቃል። ከዚያ በኋላ መቼ እንደተሠራ ግን ቀለበት አይናገርም። ሐሰተኛው ወረቀትም ባለበት ይቆያል። ተቀድዶ ቢወጣ ሥሩ ያለው ገጽ ይጎዳል፣ የንግዱም ታሪክ አብሮ ይጠፋል።

ስንጥቆቹ

ሙጫ፦ የቆዳ ሙጫ ፍርፍር፣ አንድ እጅ ሙጫ በሁለት እጅ ቀዝቃዛ ውኃ። እስኪያብጥ ይቆይና በውኃ ማሞቂያ 60 ዲግሪ ላይ ይሟሟል። ከ70 ካለፈ ኃይሉ ይወድቃል፤ ተደጋግሞ ከተሞቀም እንደዚሁ። ዛሬ የተረፈ ሙጫ ለነገ ስንጥቅ አይውልም።

አሮጌው የክንፍ ጥገና በእርጥብ ሙቅ ጥጥ ተፈታ፤ ደግነቱ የቆዳ ሙጫ ነበር። ነጭ የአናጢ ሙጫ ቢሆን ኖሮ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ አዲስ ሙጫ እንዳይዝ ያደርግ ነበር። ኢፖክሲ ቢሆንማ ከእንጨቱ ጋር አብሮ ነው የሚወጣው። ከስንጥቁ ውስጥ የወጣው ውኃ ጥቁር ነው፤ ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ደጋግሞ ማጠብና በመምጠጫ ወረቀት መሳብ እንጂ ጥርስ ባለው ነገር መፋቅ አይገባም። የስንጥቁ ግድግዳዎች እርስ በርስ የሚነካከሱ ክሮች አሏቸው። እነርሱ ከተፋቁ ስንጥቁ ምንጊዜም መስመር ሆኖ ይታያል።

ከመሰፋቱ በፊት በደረቁ ተሞከረ። ረጅሙ ስንጥቅ በአንድ ጊዜ አይዘጋም፤ ከላይኛው ጫፍ ተነሥቶ በክፍል በክፍል ነው። ሙጫው ከውስጥ ተቀብቶ ፊቱ በጣት ቀስ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች ሲወዛወዝ ስንጥቁ ይጠጣዋል፣ በውጭ በኩል ቀጭን ዶቃ መሰል መስመር ሆኖ ሲወጣም ይታያል። ከዚያ ግልጽ የአክሪሊክ ሰሌዳዎች ከላይና ከታች፣ መሃላቸው ስስ ፕላስቲክ፣ በላያቸው ትንሽ ሞርሳ። ሰሌዳው ግልጽ የሚሆነው ደረጃ መፈጠር አለመፈጠሩን ሳይነሡት ለማየት ነው። በጣት ጥፍር ሲዳሰስ መቆም የለበትም።

የጀሶው ቅርጽና የምሰሶው ልጣፊ

የምሰሶ ስንጥቅ በሙጫ ብቻ አይቆምም፤ ምሰሶው በዚያው ነጥብ ላይ ተመልሶ ይቆማልና። ስለዚህ ከውስጥ የተወሰነ እንጨት ተፈልፍሎ አዲስ ስፕሩስ ይገባል። ችግሩ ፊቱ 2.6 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑና ሲፈለፈል ወደ ታች መታጠፉ ነው። መፍትሔው ከውጭ ቅርጹን በትክክል የሚይዝ የጀሶ አልጋ ነው።

የፊቱ ውጫዊ ገጽ በስስ ፕላስቲክ ተሸፈነ፣ ኤፍ ቀዳዳዎቹ ተደፈኑ፣ ጀሶ ፈሰሰበት። ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃል፤ ሙቀቱ ቫርኒሹን ሊያለሰልስ ስለሚችል ንብርብሩ ስስ ሆኖ በሁለት ጊዜ መፍሰስ አለበት። ነገር ግን የጀሶ አልጋ የሚይዘው ያለውን ቅርጽ ነው፤ ፊቱ ምሰሶው አካባቢ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሰምጦ ነበር። ጀሶው ከደረቀ በኋላ በተሰመጠው ቦታ ላይ ተፍቆ ወደ ሠሪው ጉብታ ተስተካከለ፣ የባሱ በኩል እንደ መለኪያ ሆኖ። ከዚያ ፊቱ በትንሹ እርጥበት አግኝቶ፣ በሞቀ አሸዋ ከረጢት ተጭኖ፣ ቀስ በቀስ ወደ አልጋው ወረደ። የቸኮለ እዚህ ላይ ይሰብራል። በየእለቱ ጥቂት ጭነት ጨምሮ መተው እንጂ በአንድ ቀን ማስገደድ የለም።

የልጣፊው ቦታ ሞላላ ነው፦ 46 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 30 ስፋት፣ መሃሉ ከምሰሶው ነጥብ ላይ። ጠርዙ ላይ ዜሮ ጀምሮ መሃሉ ላይ የሠሪው እንጨት 1.2 ሚሊ ሜትር ብቻ እስኪቀር ድረስ እንደ ሳህን ይጎደጉዳል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ግድግዳ ከሆነ ቀጣዩ ስንጥቅ በዚያ ግድግዳ ላይ ይመጣል። በእጅ መፋቂያ ነው የተሠራው፤ መሮ ከገባ እንጨቱን ሊነቅል ይችላል።

ልጣፊው በመጋዝ ካልተቆረጠ፣ ማለትም ከተፈለጠ አሮጌ ስፕሩስ የወጣ ሲሆን የቀለበቶቹ ርቀት ከፊቱ ጋር ይቀራረባል። የእንጨቱ ክር ከስንጥቁ ጋር በጣም ትይዩ እንዳይሆን በጥቂት ዲግሪ ዞሯል። ማስማማቱ በጠመኔ ነው። ጎድጓዳው ገጽ በጠመኔ ይቀባል፣ ልጣፊው ይጫናል፣ ነጭ የነካው ቦታ ብቻ ይፋቃል፣ እንደገና። ከመሃል የሚጀምር ንክኪ ቀስ በቀስ ይሰፋል፣ በመጨረሻ ነጩ ሙሉውን ገጽ እኩል ይሸፍናል። መጨረሻ ላይ ጠመኔው በደንብ ይጠረጋል፤ ሙጫ ከጠመኔ ላይ አይይዝም። ከሰፋነው በኋላ ልጣፊው ወደ ፊቱ ውፍረት ወረደ፣ በምሰሶው ቦታ 3.0 ሚሊ ሜትር ሆኖ እንዲቀር ተደረገ።

የተፋቁት ክንፎች 2.1 ሚሊ ሜትር እንደሆኑ ይቀራሉ። እዚያ ላይ እንጨት መጨመር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ጠርዙ አጠገብ የተረፈውን የሠሪውን ገጽ ጭምር መሸፈን ይሆናል፣ ገጹም አሁን አይሰበርም። ፊቱን የሚደግፈው ሌላ ነገር አለ።

ረጅሙ ስንጥቅ ላይ፣ ከልጣፊው በታችና በላይ፣ ትንንሽ ማያያዣዎች በየ22 ሚሊ ሜትሩ ተደረጉ፦ 8 በ6፣ ውፍረታቸው 1 ሚሊ ሜትር፣ ስፕሩስ፣ ክራቸው ስንጥቁን በሰያፍ የሚያቋርጥ፣ ጠርዛቸው ወደ ዜሮ የወረደ።

የባስ ዘንግ

አሮጌው ዘንግ በመላጊያ እስከ ስስ ቅርፊት ወረደ፣ ቅርፊቱ በሙቅ ውኃ ተነሣ። የአዲሱ ቦታ በሰባት በማካፈል ይወጣል፦ የላይኛው ስፋት ግማሽ 83፣ ሲካፈል ለ7፣ 11.9 ሚሊ ሜትር ከመሃል መስመር። ታች 102 ለ7፣ 14.6። ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው ሰያፍ የዘንጉ ውስጣዊ ጠርዝ ነው። በብርኩማው ቦታ ላይ የብርኩማው እግር ውጫዊ ጫፍ ከዘንጉ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ማለፍ አለበት። ያ ካልተሟላ ሕጉ ሳይሆን ብርኩማው ያሸንፋል፤ ዘንጉ በትንሹ ይገፋል።

ርዝመቱ 269፣ ከእያንዳንዱ ጫፍ 42 ሚሊ ሜትር ተትቶ። ስፋት 5.5፣ መሃሉ ላይ 12፣ ጫፎቹ ላይ 3.5። በተለመደው 11 ላይ አንድ ሚሊ ሜትር የጨመርነው ክንፎቹ ስስ ስለሆኑ ነው። የዘንግ ግትርነት ከከፍታው ኩብ ጋር ስለሚሄድ ይህ አንድ ሚሊ ሜትር ግትርነቱን በ30 በመቶ ገደማ ያሳድጋል፣ ክብደቱን ግን ከግራም በታች ነው የሚጨምረው። ዘንጉ ያለ ጉተታ ነው የተሰፋው። ጫፎቹን አንሥቶ በሞርሳ በመጫን ፊቱን ወደ ላይ የሚገፋ ዘንግ የሚሠሩ አሉ፤ በዚህ በተስተካከለ ፊት ላይ የተደበቀ ጭንቀት ማስቀመጥ ጥበብ አይደለም።

መዝጋት

ሙጫው አንድ በአራት፣ ስስ። ፊት ሁልጊዜ ከስንጥቅ ሙጫ በደከመ ሙጫ ይሰፋል። በድርቀት እንጨቱ ሲኮማተር መላቀቅ ያለበት መገጣጠሚያው እንጂ ፊቱ አይደለም፣ ቀጣዩም ጠጋኝ ያለ ጉዳት መክፈት አለበት። ጎኖቹ በዘመናት ወደ ውስጥ ገብተው የፊቱ ጠርዝ በትሬብል ወገብ ላይ ከ2.5 ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር ወጥቶ ነበር፤ ከላይኛው ጉማጅ ጀምረን ጎኑን በጣት እያስተካከልን ሞርሳዎቹን አጠበቅን።

አንገቱ

የፊቱ ላይ የብርኩማ መስመር፣ ማለትም ከላይኛው ጠርዝ እስከ ኤፍ ቀዳዳዎቹ ውስጣዊ ጥርሶች፣ 192 ሚሊ ሜትር ነው። ዛሬ የተለመደው 195 ነው፣ አንገቱም 130። ተጫዋቹ የሚሰማው ግን ቁጥሩ ሳይሆን የሁለቱ ንጽጽር ነው፤ 2 ለ 3። ስለዚህ አንገቱ 128 ይሆናል። አሁን ያለው 131 ነበር፤ ሦስተኛው አቀማመጥ ላይ እጅ ከጎኑ ሲገናኝ ጣት ወዴት እንደሚወድቅ የሚያሳስት ልዩነት ነው።

አንገቱ ከጉድጓዱ በእንፋሎትና በቢላ ወጣ። አሮጌው ጉድጓድ በስፕሩስ ተሞልቶ እንደገና ተፈለፈለ፣ ወደ ጎኑ ውስጥ 6 ሚሊ ሜትር። ከፊቱ ጠርዝ በላይ የአንገቱ ከፍታ 6 ሆነ። የጣት ሰሌዳው መስመር ብርኩማው ላይ 27 ሚሊ ሜትር መድረስ ይገባዋል ይባላል፤ እኛ 26 ላይ አቆምነው። በጉብታው 18 የሆነ ፊት ላይ ክሮቹ ብርኩማውን ሲሻገሩ ይበልጥ ይታጠፋሉ፣ የሚወርደውም ክብደት ይጨምራል። የተጠገነ ስስ ፊት ለአንድ ሚሊ ሜትር ከፍታ ያን ያህል አይከፍልም። ጉድጓዱ በአራት ገጽ መነካት አለበት፦ ሁለቱ ጎኖች፣ ግርጌው፣ የጀርባው አዝራር (አንገቱ ሥር ከጀርባው የወጣችው ትንሽ ምላስ)። በተለይ አዝራሩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ አንገቱ ዳግም ይወድቃል።

የጣት ሰሌዳው አዲስ ኢቦኒ (ጥቁር ጠንካራ እንጨት) ነው፦ 270 ርዝመት፣ 24 ከላይ፣ 42 ከታች። በርዝመቱ በጂ ክር በኩል 0.8፣ በኢ በኩል 0.5 ሚሊ ሜትር ጎድጎድ ብሏል። ፍጹም ቀጥ ያለ ሰሌዳ ላይ ክር ሲርገበገብ ይንጫጫል።

መቃኛዎች

ቀዳዳዎቹ በዘመናት መስፋት እስከ 10 ሚሊ ሜትር ደርሰዋል። የኤ ስንጥቅ መጀመሪያ ተሰፋ፤ ከዚያ አራቱም ቀዳዳዎች ተሞሉ። መሙያው ከጠንካራ እንጨት ከተሠራ ማዕዘን ቁራጭ ሳይሆን በሙጫ ተነክሮ እንደ ጥቅል ወረቀት ከተጠቀለለ የሜፕል ላጭ ነው፤ የእንጨቱ ክር ቀዳዳውን ስለሚዞር ስንጥቅ ለመሄጃ መንገድ አያገኝም። ሲደርቅ በ1 ለ 30 ቅጥነት ተፈለፈለ፣ መቃኛው አንገት ላይ 7.6 ሚሊ ሜትር። ማለስለሻው የደረቀ ሳሙናና ጠመኔ። ሳሙናው ያንሸራትታል፣ ጠመኔው ይይዛል፤ የሚንሸራተት መቃኛ ጠመኔ ይጨመርለታል፣ የሚጣበቅ ሳሙና።

ቫርኒሹ

ጽዳቱ በተጣራ ውኃና ጥቂት ለስላሳ ማጽጃ፣ በጥጥ ጫፍ፣ በትንሽ ቦታ በትንሽ ቦታ። ለተረፈው ቅባት ምራቅ ከብዙ ማጽጃ ይሻላል፤ ኢንዛይሞቹ ቅባትና ፕሮቲን ይፈታሉ፣ ቫርኒሹን አይነኩም። ሼላኩ በሚያስቸግርበት ቦታ ብቻ በመፋቂያ ሳሳ፤ ሥሩ የሠሪው ቫርኒሽ በአልትራቫዮሌት ቢጫ ባሳየበት ሁሉ ሼላኩ ቀረ። ቅቡ የገባው በስንጥቆቹ መስመር ውስጥ ብቻ ነው። በመጀመሪያ ግልጽ ስስ ሽፋን፣ ከዚያ ቀለሙ በነጥብ። በአንድ ጥቁር ብሩሽ የተሞላ ስንጥቅ ከሩቅ ይታያል፤ በብዙ ስስ ንብርብር የተሞላ ቀርበው ሲያዩት ነው የሚገኘው። ሥራው በቀን ብርሃን ካልተደረገ ቀለሙ በመብራት ተስማምቶ ውጭ ሲወጣ ይለያል።

ምሰሶ፣ ብርኩማ፣ ክር

ምሰሶው 6 ሚሊ ሜትር፣ የተፈለጠ ስፕሩስ፣ ቀለበቶቹ ከፊቱ እንጨት ክር ጋር በቀጥታ እንዲሻገሩ። ጫፎቹ የፊቱንና የጀርባውን ቁልቁለት ይከተላሉ፤ በመስታወትና በመብራት ሲታዩ በጠቅላላ ገጻቸው መንካት አለባቸው። ከብርኩማው ትሬብል እግር ጀርባ 3 ሚሊ ሜትር ላይ ቆመ። ክር በሌለበት በራሱ ይቆማል፣ ግን ሲነካ ይንሸራተታል፤ ክር ሲጠብቅ ፊቱ ይይዘዋል። በረጅም ምሰሶ ተገፍቶ የቆመ ፊት ለጥቂት ሳምንት ደማቅ ድምፅ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ ይነሣል፣ ልጣፊውም ይፈተናል።

ብርኩማው እግሩ ላይ 41 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ እግሮቹ ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር፣ ላይኛው ጫፍ 1.3። ጂና ኢ ክሮች ብርኩማው ላይ 33.5 ይራራቃሉ። ከጣት ሰሌዳው ጫፍ ላይ ጂ 5.5፣ ኢ 3.5 ሚሊ ሜትር። ወደ ክር ማሰሪያው የሚመለከተው ገጽ ከፊቱ ጠርዝ ጋር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ወደ ጣት ሰሌዳው ያዘነበለ ብርኩማ ለመውደቅ እየተዘጋጀ ነው፤ መቃኛ በተዞረ ቁጥር ጫፉ ወደዚያ ይጎተታልና በየጊዜው ማስተካከል ያስፈልጋል። ከብርኩማው እስከ ክር ማሰሪያው ያለው ርቀት 54 ሚሊ ሜትር፣ የሚርገበገበው የክር ርዝመት ስድስተኛ።

ክሮቹ መካከለኛ ውጥረት ያላቸው ሰው ሠራሽ እምብርት ያላቸው ናቸው። በመጀመሪያ ከልኩ በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ተደርገው ተቃኙ፣ ከዚያ በየደረጃው ወደ ልካቸው ወጡ። በሙሉ ውጥረት ላይ የጣት ሰሌዳው መስመር ከ26 ወደ 25.6 ወረደ፤ ይህ የተለመደ ነው፣ እዚያም ቆሟል። ምሰሶው ላይ ያለው የፊቱ ከፍታ በጀሶው አልጋ ላይ ከተወሰደው ልክ ጋር ሲነጻጸር 0.2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ በሆነ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ በቀጣዩ ልኬት ከ0.5 ካለፈ ምሰሶው እንደገና ይመረመራል። ክሮቹ ላልተው ፊቱ ላይ የተለወጠ ነገር እንዳለ ሳይታይ ሌላ ነገር አይነካም።